የኦቦ ለሚ ዝግጅት

ለሚመጣው ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚኖር ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ። ኦቦ ለሚ ላይቤሪያ ሰላም ሊያስከብሩ ሄደው፣ የዚያን አገር ወታደሮች ለወረርሽኝ ሲያዘጋጁ ከርመው ነው አምቦ የተመለሱት። ከዚያ ወዲህ በረኪና በገባበት ውኃ ያልታጠበ እጅ በራቸውን አያልፍም። ወረርሽኝ እኮ የለም ስንላቸው፣ «መዘጋጀት የሚገባው ሳይኖር ነው» ይላሉ። እኔም እየታጠብሁ እገባለሁ።

ባለፈው ዓመት እኔ እቤታቸው ሳለሁ ልጃቸውን ጫልቱን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከጉደር መጡ። ጫልቱ ጠያቂዋን ትወደዋለች፤ አባቷ ግን እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ ሊመልሷቸው ቆርጠዋል። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ኦቦ ለሚን ልማዳቸው ቀደማቸውና፣ «ጫልቱ፣ አስታጥቢያቸው» አሉ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም። እጁን ካስታጠቡት ግን ማዕድ ቀረበለት፣ ልጅቱም ተሰጠች ማለት ነው።

«ገለቶማ፣ ኦቦ ለሚ» ብለው አመሰገኑ ታላቁ ሽማግሌ፣ እጃቸው እየተንጠባጠበ፤ «ገና አፋችንን ሳንከፍት ፈቀዱልን።» ምርቃቱም ወረደ።

«የለም፣ ይኼ እኮ ለወረርሽኝ ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው።

«ለዚህ አልተዘጋጀሁም» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው።

ጫልቱ ግን የአባቷ ልጅ ናት። ዶሮ ወጡን ከጠዋት ጀምራ ሠርታ ጨርሳለች።