ካፒቴኑን ለማሰናበት ካፒቴኑ የሞላው ምልዓተ ጉባኤ

ቀን፦ ሰኞ፣ በእሑዱ ጨዋታ ማግስት
ቦታ፦ የቅርጫት ኳስ ክለቡ የትጥቅ ክፍል (የቢሮው ቁልፍ ስለጠፋ)
ሰዓት፦ ለዘጠኝ ተጠርቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ሊቀመንበሩ፣ የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤትና የክለቡ ስፖንሰር
2. የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ በቅርቡ ከሥልጠና የተመለሱ
3. አሰልጣኙ
4. ካፒቴኑ፣ በቅጽል ስሙ መሰላል

ያልተገኙ፦ ሐኪሙ በሥራ ምክንያት፣ የደጋፊዎች ተወካይ በንዴት ምክንያት፣ ሌሎች ሁለት አባላት ያለ ምክንያት

ጸሐፊ፦ የክለቡ ገንዘብ ያዥ፣ ያለ ድምፅ። የካፒቴኑ ታላቅ እህት መሆኗ ለግልጽነት ሲባል ተመዝግቧል። ሌሎቹን አንቱ ብላ እሱን አንተ ያለችው ስለዚህ ነው፤ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ አንቱ ማለት አልሆነላትም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ የክለቡ ኮሚቴ አባላት አራት መገኘት ሲኖርባቸው የመጡት ሦስት ናቸው። በደንቡ መሠረት ጎዶሎውን ማንኛውም የክለቡ ባልደረባ ሊሞላ ስለሚችል፣ ሊቀመንበሩ በሩን ከፍተው ኮሪደር ላይ ያገኙትን ሰው አስገቡ። ያገኙት ካፒቴኑን ነው። የካፒቴኑ ውል ዛሬ ያልቃል፤ ኮሚቴው እስከ ማታ በውሳኔ ካላቋረጠው በቀር ለአንድ ዓመት ይራዘማል። እሱም ይህንኑ ለመጠየቅ ጉልበቱን እያሸ ተራ ይጠብቅ ነበር። ጸሐፊዋ ሦስተኛውን አጀንዳ ጠዋት በገዛ እጇ ስለጻፈችው ጉሮሮዋን ደጋግማ ጠረገች። ውኃ እንድትጠጣ ተነገራት።

አጀንዳ 1፦ የእሑዱን ውጤት በገጻችን ስለማብሰር

አሰልጣኙ 94 ለ 51 መሸነፋችንን አስታወሱ። "ተገርፈን ነው የወጣነው" ያሉት ቃል በቃል ይመዝገብልኝ አሉ፤ ኃላፊው አይመዝገብ አሉ። ሁለቱም ተመዝግቧል።

ኃላፊው በሥልጠናው እንደተማሩት፣ በባለሙያዎች የትስስር ገጽ ላይ የሚማር እንጂ የሚሸነፍ ሰው እንደሌለ አስረዱ። ያዘጋጁትንም አነበቡ፦ "በእሑዱ መድረክ ከአቻ ተቋም ጋር ፍሬያማ የነጥብ ልውውጥ ማድረጋችንን ስናበስር ታላቅ ትሕትና ይሰማናል። ለተጋጣሚያችንም የአርባ ሦስት ነጥብ ተጨማሪ እሴት ፈጥረናል።"

ሊቀመንበሩ በጣም ተደስተው፣ ተጋጣሚው ቡድን ስለ እኛ የምስክርነት ቃል እንዲጽፍልን ይጠየቅ አሉ። አሰልጣኙ "እነሱማ ምን ገዷቸው፣ እየሳቁ ይጽፋሉ" አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ "ሽንፈት" የሚለው "የተፋጠነ ትምህርት" በሚል እንዲተካ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በግራው ቀለበት ሥር ስለተቀመጠው ባልዲ

የመጫወቻ አዳራሹ ጣሪያ ስለሚያፈስ ተጫዋቾቹ ባልዲውን እየዞሩ እንደሚጫወቱ አሰልጣኙ ገለጹ። እሑድ ዕለት ከተከላካዮቻችን ሁሉ ቦታውን ያልለቀቀው እሱ ብቻ እንደነበርም አከሉ። ይሁንና የአዳራሹ ባለቤት የሊቀመንበሩ አማት ናቸው። ስለዚህ ጥገናውን ማን ይጠይቃቸው በሚለው ላይ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። በመጨረሻም ባልዲው "ዘላቂ የውኃ አያያዝ ተነሳሽነት" ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ አንድን አንጋፋ የሰው ሀብት ወደ አዲስ የዕድል ምህዳር ስለማሸጋገር

ኃላፊው ክለቡ የእግር አቅሙን በወጣት ኃይል ለማደስ ስትራቴጂካዊ ጉዞ መጀመሩን፣ በዚህም አንድ ውድ ባልደረባ ከነገ ጀምሮ "ገደብ የለሽ አማራጮች ባለቤት" እንደሚሆኑ አበሰሩ።

ካፒቴኑ ፊቱ በርቶ "እሰይ! ማነው ዕድለኛው?" ሲል ጠየቀ። የግለሰብ መረጃ ስለሆነ አይነገርም ተባለ። አሰልጣኙ ወደ ጣሪያው እያዩ "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" አሉ፤ እንዲያብራሩ ቢጠየቁ እምቢ አሉ። ጸሐፊዋ በጠረጴዛው ሥር የካፒቴኑን እግር ረገጠች። ካፒቴኑ "ይቅርታ እትዬ፣ ቦታ ያዝኩብሽ" ብሎ እግሩን ሰበሰበ።

ለመጽደቅ ሦስት ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩና ኃላፊው ደገፉ፤ አሰልጣኙ ተቃወሙ። ካፒቴኑ "እኔ የሰው እንጀራ አልዘጋም" ብሎ እጁን አነሣ። እጁም እጅ ስለሆነ አላየንም ማለት አልተቻለም። ጸደቀ። ካፒቴኑ አጨበጨበ፤ ያጨበጨበው ግን ብቻውን ነው።

ቀጥሎ "የኔስ ውል እንዴት ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ወደ ኃላፊው፣ ኃላፊው ወደ ስልካቸው ዞሩ። ጸሐፊዋ ድምፅ ባይኖራትም አፍ አላትና "አንተን እኮ ነው፣ የኔ ሞኝ" አለችው። ሳቁ ከፊቱ ሲጠፋ ማየት አንጀቷን በላው። አጀንዳ ባይሆንም ተመዝግቧል።

ካፒቴኑ እንዲህ አለ፦ "ተባረሃል ብትሉኝ ይገባኝ ነበር እኮ። ስንሸነፍ ተሸነፍን፣ ጉልበቴን ሲያመኝ አመመኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ቢያንስ ለገዛ ስንብቴ ባታስጨበጭቡኝ ምን ነበረበት?" ይህን ብሎ፣ መቃኑ እንዳይመታው ጎንበስ አለና ወጣ።

የሥነ ሥርዓት ጥያቄ

ጸሐፊዋ ደንቡን አውጥታ አነበበች። የተሰናበተ ሰው ባልደረባ አይደለም፤ ባልደረባ ካልሆነ ጎዶሎ አይሞላም፤ ጎዶሎው ካልተሞላ ስብሰባ የለም፤ ስብሰባ ከሌለ የተሰናበተ የለም። ሊቀመንበሩ ጥቂት ካሰቡ በኋላ "ካልተሰናበተማ ባልደረባ ነው፤ ይጠራና እንደገና እናሰናብተው" አሉ። ተጠራ። ከሜዳው "ሥራ ላይ ነኝ!" የሚል መልስ መጣ። አሰልጣኙም የልምምድ ሰዓት መድረሱ ትዝ ብሏቸው ወጡ። ጸሐፊዋ ሁለት ሰው ወሬ እንጂ ስብሰባ እንደማይሆን አሳሰበች፤ የክለቡ ማኅተም እሷ ቦርሳ ውስጥ ስለነበረም ብዙ ክርክር አልተነሣም።

ከግድግዳው ወዲያ ኳስ መንጠር ስለጀመረና መደማመጥ ስላልተቻለ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወስኖ በአሥር ሰዓት ተኩል ተበተኑ። በዚህም መሠረት እሑድ ተሸንፈናል። ባልዲው ባልዲ ነው። ወንድሜም እስከሚመጣው ዓመት ካፒቴን ነው።