በአካል ያላየ አልሰማም

መሥሪያ ቤት በተባለ ቦታ ሁሉ አንድ ሐሜተኛ፣ አንድ አኩራፊና አንድ «እዚያ ነበርኩ» ባይ አይጠፋም። ሐሜተኛው ይደክመዋል፤ አኩራፊው ይታረቃል። ሦስተኛው ግን መድኃኒት የለውም።

የአንዲት ማተሚያ ቤት «እዚያ ነበርኩ» ባይ ሽማግሌው የማሽን ሹም ናቸው። ሠራተኛው «ክቡር እማኝ» ይላቸዋል። የሚመሰክሩት ፍርድ ቤት ቀርበው ሳይሆን ስለ አንድ የሮክ ባንድ ነው፤ ሬዲዮ ስላልወደዳቸው፣ ሠርግ ስላልጠራቸው፣ ጊታር ይዘው ስለሸበቱ አምስት ሰዎች።

«ካሴቱን ተዉት» ይላሉ። «እነሱን በአካል ያላየ አልሰማም።»

ተቀምጠው አውርተው አያውቁም። ይንጎራደዳሉ፤ የወረቀቱን ክምር በጣታቸው ይደበድባሉ፤ በር ድረስ ሄደው የረሱት ትዝ ብሏቸው ይመለሳሉ። ሐኪም «በረጅሙ ይተንፍሱ» ቢላቸው ዘፋኙ አንዲት ቃል ላይ እንዴት እንደሚቆይ አሳይተውት፣ ሐኪሙ ደንግጦ ነርስ ጠራ። የሠርግ ጥሪ ሊያሳትም የመጣ ሙሽራ፣ ዘፋኙ ወገቡን ይዞት ሙሉውን ዝግጅት ተጋድሞ እንደዘፈነ ሲሰማ ቆይቶ፣ የሙሽሪትን ስም አሳስቶ አሳተመ።

ደግሞ ወሬያቸው ያለ ጎረቤት አይሆንላቸውም። «ከጎኔ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ።» «ከጎኔ አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችው።»

ይህን ሁሉ በየቀኑ የምትሰማው አጠገባቸው የምትሠራው ወረቀት ቆራጯ ናት። «ከጎኔ» ሲሉ መቁረጫውን ታስነሳለች። ማሽኑ ሲያጓራ የእሳቸው ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ግን አያቆሙም። አንድ ቀን ካሴቱን ወስዳ ሰምታ መለሰችላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድስት ከነመደርደሪያው ሲወድቅ ነው።»

«እሱማ ካሴቱ ነው፣ እህቴ።»

ባንዱ ወደ ከተማው ሊመጣ መሆኑ ሲሰማ ክቡር እማኝ ሥራ ፈቱ፤ ቀለም የነካው እጃቸው ግንባራቸውን አዥጎረጎረው። ወረቀት ቆራጯ አዘነችላቸው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አበጀች።

«እመጣለሁ፣ ጋሼ። ካልጣመኝ ግን ያቺ ወሬ ከዚህ ቤት ትወጣለች። ዳቦ ጋጋሪውም፣ አዋላጇም።»

ለጥቂት ጊዜ ባሉበት ቀጥ አሉ። ቆመው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይሁን» አሉ ቀስ ብለው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ በቁሙ ነው። ባንዱ ወጣ። የዘፋኙ ድምፅ ሻክሯል። ከበሮው ይቸኩላል፣ ጊታሩ ይዘገያል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የጊታሪስቱ ጣት አዳልጦት አስቀያሚ ድምፅ አወጣ። ከኋላ አንዱ አፏጨ። ቆራጯ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። አሁንስ ተገላገልኩ አለች በልቧ፤ ደስ ሊላት ሲገባ ግን ደስ አላላትም።

ጊታሪስቱ ያቺኑ ስህተት ደገማት። አሁንም ደገማት። ከበሮ መቺው ቀና ብሎ አየውና ተከተለው። ቤዝ ጊታሩ ከሥር ገባ። ዘፋኙም በዚያው በሻከረ ጉሮሮው፣ እንደሚያጉረመርም ሰው፣ ተሳፈረባት። እነዚህ ሽማግሌዎች ሲሳሳቱ አያርሙም ለካ፤ ዜማ እስኪሆን ድረስ ስህተቱን ይደጋግሙታል። ያፏጨው ሰውዬ ዝም አለ። ወለሉ ይነዝራል። ቆራጯ እግሯን ብታይ ሳታዘው ጀምሯል፤ ጉንጯን ብትነካ ርሷል።

ሽንፈቷን ልትነግር ወደ ጎን ዞረች። ክቡር እማኝ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ቆመዋል። የሚያዩት እሷን ነው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ወሬ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው።

«ጋሼ፣ ዘወር ይበሉ እንጂ፤ እያለፈዎት ነው።»

«ቆይ እስቲ» አሉ፤ «አንቺ ገና እየደረስሽ ነው።»

በማግሥቱ ቢዝነስ ካርድ ሊያሳትም አንድ ደንበኛ መጣ። ክቡር እማኝ በሩ ላይ እየተመላለሱ ነበር።

«ከጎኔ አንዲት ወረቀት ቆራጭ ነበረች» ሲሉ በማሽኑ ጩኸት መሀል ሰማች። «ስታለቅስ ቢያዩዋት፣ ከመድረኩ ሥር ነው ያነሳኋት።»

ማንም አላነሳትም። እጇን ወደ መቁረጫው ሰደደች፤ ደንበኛው በደንብ እንዲሰማም ማሽኑን አጠፋችው።