የትርንጎ የስልክ ሱስ

መለካት ወደናል። ድሮ የሚለካው ልብስ ሰፊና ሐኪም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ልጆች ምን ያህል የስልክ ሱሰኛ እንደሆኑ በወረቀት ይለካል። አትሳቁ፤ ለኪው እኔ ነኝ።

ደብረ ማርቆስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚሞሉት መጠይቅ ታደለን። መልሱ «በፍጹም»፣ «አንዳንዴ» ወይም «ሁልጊዜ» ነው። «ሁልጊዜ» የበዛበት ልጅ ወላጁ ይጠራል። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ፣ ጠበል እንደሚረጭ ቄስ ኮስተር ብዬ ስደምር ዋልኩ። ከዘጠነኛ ክፍል በሱስ አንደኛ የወጣችው ማን ትመስላችኋለች? ትርንጎ! ከደብረ ወርቅ መጥታ፣ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ሲጠሯት እንኳ መሬት መሬት የምታይ ልጅ።

አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። በተጠሩ ማግስት ጥምጥማቸውን አሳምረው በሚኒባስ ከተፍ አሉ።

«ሱስ ከያዛትማ ትምህርቱ ይቅርባት። ዛሬውኑ ይዣት እመለሳለሁ» አሉኝ። ትርንጎ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ያሰብኩት ለምክር ነበር እንጂ ልጅ ከትምህርት ላስቀር አልነበረም፤ ክው አልኩ።

«እስቲ ያንን ስልክ አምጪው» አሏት። ከቦርሳዋ አወጣችው። ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፣ ከመደወልና ከማንሳት በቀር ምንም የማያውቅ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በዚህ ምን ሱስ ይያዛል?

የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡት። «ስልክ ካላገኘሽ ትጨነቂያለሽ?» ሁልጊዜ። «እያጠናሽ ስለ ስልክ ታስቢያለሽ?» ሁልጊዜ።

«ልጄ፣ የማንን ስልክ ነው?»

«የርስዎንና የእማዬን ነዋ። ቶሎ ቶሎ አይደወልልኝም!»

የኔታ ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እንዳላዘናጋት ብዬ በወር አንድ ጊዜ ነበር የምደውል» አሉ። «መምህር፣ እርስዎ ሰሙን ለክተዋል፤ ወርቁ አምልጦዎታል። አያሳፍርም፣ ቅኔ አስተማሪው እኔም አላገኘሁትም።»

ብቻቸውን ተመለሱ። እኔም ወረቀቱን ልጨርስ ተቀመጥኩ። ግርጌው ላይ «የሚወሰድ እርምጃ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ለሌሎቹ ሁሉ «ስልክ ይቀነስ» ብዬ ነበር የሞላሁት። ለትርንጎ «ስልክ ይጨመር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ርዕሰ መምህሩ «ተሳስተሃል፣ አስተካክል» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። አላስተካከልኩም።