አያ ስማቸውና ያልወደቀው ሙሽራ

የፊልም መጨረሻ ቀድሞ የሚናገር ሰው የሌለበት ከተማ በምድር ላይ ቢገኝ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ ዛሬውኑ በሄድኩ። ለከተማዬ ለወረታ ግን የደረሳት የሁሉም አለቃ ነው፤ የፊልም ሊቀ ሊቃውንት አያ ስማቸው።

አያ ስማቸው የሩዝ መፈልፈያ አላቸው። ሩዝ ጭኖ የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ እንዳይሰለቸው ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል። የሚያሳዩት ታዲያ የጥንቱን፣ ድምፅ የሌለውን አስቂኝ ፊልም ብቻ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከመፈልፈያው ጩኸት በላይ ጮኹብኝ፦ «የሚያወራ ፊልም እዚህ ለማን ይሰማል?» ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያለ የጥበብ ሂስ አልሰማሁም።

ችግሩ፣ ፊልሙ ዝም ቢል እሳቸው ዝም አይሉም። ሰውየው እግሩን ሳያነሳ «አሁን ይወድቃል!» ባልዲው ሳይዘነበል «ፖሊሱ ላይ ነው!» ለእሳቸው ደግሞ ሁሉም ፊልም አንደኛ ነው።

«ባለፈው አንደኛው ባለባልዲው ነው አላሉም?»

«እሱማ አንደኛ ነው፤ ይኼ ከአንደኛም በላይ!»

እኔ የእናቴን ሩዝ ተሸክሜ የምሄደው ለመደነቅ ነበር። አንድም ቀን ግን ሳይነገረኝ ተደንቄ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ያላየሁት ፊልም ተከፈተ። ለገዛ ሠርጉ የዘገየ ሙሽራ በጣሪያ ላይ ሲሮጥ አዳለጠውና አሸንዳ ላይ ተንጠለጠለ።

«አያ ስማቸው፣ እባክዎ ይችን አንዲቷን ይተዉልኝ!»

«ጣራ ገዳምን! ፊልሙ እስኪያልቅ ቃል ከአፌ አትወጣም» ብለው በገዳሙ ማሉ።

እውነትም ዝም አሉ። አሸንዳው ተነቀለ። ሙሽሪት ከታች እጇን ዘረጋች። መብራት ጠፋ።

መፈልፈያው ጸጥ ሲል ግቢው ተንጫጫ። «ወደቀ? ተረፈ?» አላስችል ብሎኝ «ይንገሩን እንጂ!» አልኩ። አያ ስማቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺው ነሽ ያስማልሽብን!» አለኝ ባለጋሪው ይሄይስ።

አያ ስማቸው ይኼን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ጣሉ። የጆንያው ክምር ላይ ወጡ፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠለጠሉ፣ የማትታይ ሙሽሪት በአየር ላይ ሳሙ፣ እግራቸውን አወናጨፉ፣ ከዚያ የሩዝ ገለፈት ክምር ውስጥ እስከ ወገባቸው ተቀበሩ። ድምፅ የለ፣ ቃል የለ። ተራ ጠባቂዋ እትዬ እማዋይሽ ሆዳቸውን ይዘው «ኧረ ግደለኝ አንተ ሰው!» አሉ።

መብራት መጣ፤ ፊልሙ ከቆመበት ቀጠለ።

«አልወደቀምሳ!» ብሎ ይሄይስ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ወደ አያ ስማቸው ዞሬ ነበር። ቅንድባቸው ገለፈት እንደለበሰ፣ አፋቸውን ከፍተው እንደ ሕፃን ፈዘዋል።

ሲያልቅ ጠጋ ብዬ «አይተውት አያውቁም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ እዚች ላይ መብራት ይጠፋል» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሙሽራው እንዴት እንደተረፈ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የእሳቸውን ፊት ሳይ አመለጠኝ። ከጥንት ፊልሞች አንዱን ምረጪ ብባል ግን የምመርጠው ያንኑ ፊልም ነው።