የተኙ ፊደሎችና የሐጂ እንድሪስ ዱአ

ሰው የሚፈራው ብዙ ነው። ጅብ የሚፈራ አለ፣ ግብር የሚፈራ አለ፣ ሚስቱን የሚፈራም አለ፤ ይሄኛው አይናገርም እንጂ ይበዛል። እኔ ከሚሴ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ የከፈትኩት ሰውዬ ግን የምፈራው የሐጂ እንድሪስን እጅ ነው። ይመቱኛል ብዬ እንዳይመስላችሁ! ሐጂ ሲቀየሙ አይሳደቡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዱአ ያደርጋሉ፣ በቃ። አንድ ባለ ጭነት መኪና አስቀይሟቸው እጃቸውን ቢዘረጉበት፣ መኪናዋ እስከ ዛሬ ከቆመችበት አልተነሳችም ይባላል። ሞተሯ ድሮም በሽተኛ ነበር የሚሉ አሉ። ይበሉ! እነሱ ላይ አልተዘረጋማ።

ታዲያ እኒህ ሰው የልጃቸውን የዘሐራን የሠርግ ጥሪ ካርድ እኔ ዘንድ አሠሩ። ጽሑፉን ጽፌ፣ አይተው፣ ወደውት ሄደዋል፤ የቀረው ማተም ብቻ ነበር። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ የቆላውም የደጋውም ዘመድ እዚያ ስለሚገናኝ ካርዱ በእጅ በእጅ የሚታደለው ያኔ ነው። ካርድ ያልደረሰው የወሎ ዘመድ ደግሞ ኩርፊያውን ለልጅ ልጁ ያወርሳል እንጂ አይረሳም።

እኔን ምን አቀበጠኝ? ኮምፒውተሬ ላይ የፊደል ዓይነቱ፣ ፎንት የምንለው፣ እንደ ጨፋ ሜዳ ማሽላ በቅሎ ሥራውን ያዘገየው ነበር። ደንበኛው ሁሉ በሲዲ እያመጣ ይጭንብኛል፤ ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ ጠማማውን፣ አንዱን ራሱን በሦስት ስም። ደሴ ያለ የሙያ ጓደኛዬ ፎንት የሚያደራጅ ፕሮግራም ጭኖ ኮምፒውተሩ እንደ ፈረስ መጋለብ ጀመረ አለኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! እኔም እሁድ ጠዋት ጫንኩት። ፕሮግራሙ ትርፍ የመሰለውን ፎንት ሳላጠፋ ከሥራ ውጭ ላስተኛው ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ በትህትና ጠየቀኝ። አስተኛ አልኩት። ያልገባኝን ነገር እሺ ማለት የቆየ አመሌ ነው።

ረፋዱ ላይ ሐጂ ካርዱን ሊወስዱ ከተፍ ሲሉ ጽሑፉን ከፈትኩ። ያ አላህ! «ቢስሚላህ» የለ፣ «ክቡራን እንግዶች» የለ፤ ስክሪኑን የፈረንጅ ፊደል ከቁጥርና ከጥያቄ ምልክት ጋር ሞልቶታል። የአማርኛው ፎንት ሲተኛ ጽሑፉ እንዲህ እንደሚሆን ማወቁንስ አውቃለሁ፤ ግን የትኛው ፎንት ነበር? ስማቸው ሁሉ ተመሳሳይ፣ ሐጂ ከኋላዬ የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረጉ። የፈሩት ይደርሳል አሉ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «አንተ ሰይድ፣ ይሄ ቁቤ ነው እንዴ?» አሉኝ። የዞናችን መሥሪያ ቤቶች ኦሮምኛን በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ ነው የሚጽፉት፤ ሐጂ ደግሞ ኦሮምኛ ቢናገሩም አረብኛና አማርኛ እንጂ ቁቤ አያነቡም። አፌ እኔን ሳያማክር «አዎ ሐጂ» አለ። ማሻ አላህ፣ በኦሮምኛም አደረግከው ብለው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ተገላገልኩ ስል፣ እስቲ አንብብልኝ አሉኝ።

ምን ላድርግ? ያንን ጉድ ትክ ብዬ እያየሁ፣ ከራሴ እያወጣሁ በኦሮምኛ «አነበብኩ»። «ኮታ! ኮታ!» እያልኩ፣ ኑ ኑ ማለት ነው፣ የባቲውን ጠራሁ፣ የጨፋ ሮቢቱን ጠራሁ፣ የሞቱ አያቶቻቸውን ሁሉ አወደስኩ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ዞር ስል የሐጂ ዓይን እንባ አቅርሯል። አንድ ቃል እንዳትነካ፣ አማርኛውም በጀርባው ይውጣ ብለው ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ።

ፍርሃት ማለት ይሄኔ ነው! ሲመለሱ ቁቤ የሚያነብ ሰው ይዘው ቢመጡስ? ፎንቱን ሁሉ በጅምላ ቀሰቀስኩት፤ ኮምፒውተሩ አቃስቶ አቃስቶ አማርኛው ተመለሰ። «ያነበብኩትንም» ከመርሳቴ በፊት በደህና ቁቤ ጻፍኩና አማርኛውን በጀርባው አድርጌ አተምኩት።

ሐጂ ተመለሱ፤ የፈራሁትም አልቀረ፣ አንድ የኦሮምኛ አስተማሪ አብሯቸው መጣ። አስተማሪው ካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አለቀልኝ! ያቺ ጭነት መኪና ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ።

«ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ ፊደል አብዛለት! አንድም አትቀንስበት!»

«አሚን» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ዱአው ሰመረ። ደንበኛው ዛሬም ፎንት እያመጣ ይጭንብኛል፤ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ቁርሴን በልቼ እመለሳለሁ። አንዱን እንኳ ላጥፋ ብዬ ጣቴን ሳነሳ ያቺ የቆመች መኪና ትታየኝና ጣቴን እሰበስባለሁ። አሚን ያልኩት እኔው ነኝ፣ በማን ላሳብብ?