አሥር ቆጥረህ ልቀቅ

እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ሰዓት አለው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት የግድግዳ ሰዓት አታይም፤ ጋኑ ላይ ጆሮዋን ጣል ታደርግና «ገና ነው» ትላለች። ገበሬው የገዛ ጥላውን ያያል። መሥሪያ ቤት ያሉት ደግሞ «ነገ ተመለስ» የሚባል ሰዓት አላቸው፣ እሱን የደረሰበት ያውቀዋል። የእኔ የአናጢው ሰዓት እግዚኦታ ነው። አትሳቁ፣ ላስረዳችሁ።

ነጩን የእንጨት ኮላ ታውቁታላችሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ከምን እንደሚሠራ አልነግራችሁም፤ ጠባዩን ግን አውቀዋለሁ፣ ሽማግሌ ነው። ትቀቡታላችሁ፣ ሁለቱን እንጨት ታገናኛላችሁ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያስብበታል። የወንበር እግር ከሆነ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ በቆረጥኩት ጎማ ጥፍር አድርጌ አስረውና ወደ ሌላ ሥራ እሄዳለሁ። ችግሩ ቀጫጭኑ ነው። የኮርኒስ ጠርዝ፣ የበር ዙሪያ ክፈፍ፣ የሥዕል ክፈፍ፣ ማዕዘኑን ቢያስሩት ይንሸራተታል፣ ሚስማር ቢመቱት ይሰነጠቃል። እሱን በእጅ ጨምድዶ መቆም ነው። ስንት ደቂቃ? እኔ እንጃ። አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ረጋ ብዬ እስክል ነው። እጄ ስለተያዘ መቁጠሪያ አልጨብጥም፤ ጫማዬ ውስጥ በእግሬ ጣት እቆጥራለሁ።

አንድ ክፍል ቤት ስንት ማዕዘን እንዳለው አስቡት። ከጠዋት እስከ ማታ ስጸልይ እውል ነበር ማለት ነው። በማርቆስ ከተማ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ሱቄን አልፎ የሚሄድ ሁሉ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እያየ «እንዴት ያለ ጸሎተኛ ነው!» ይላል። ሰው ደጋግሞ ሲለኝ ጊዜ እኔም አምኜ ነበር።

ጸሎተኛው ኮላው መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስለት ነው። ባለቤቴ ትሁኔ ልጃችንን ልትወልድ ምጥ ጸንቶባት ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ስንቆራጠጥ፣ «እመቤቴ፣ ሁለቱን በሰላም ብትሰጪኝ በማኅበራችን ያለውን ሥዕልሽን በዋንዛ ክፈፍ አስጌጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። የጽዋ ማኅበራችን ሥዕል ከደብረ ወርቅ የመጣ ያማረ ሥዕል ነው፤ አሮጌ ክፈፉን ግን ነቀዝ በልቶት በክር ታስሮ ነበር። እመቤታችን ሳትውል ሳታድር ሰማችኝ። ሁለቱም በሰላም ወጡ።

እኔ ግን ዋልኩ፤ አደርኩም። መጀመሪያ ዋንዛው አልደረቀም አልኩ። ቀጥሎ የሠርግ ቤት ኮርኒስ መጣ። ቀጥሎ ክረምት ገባ፤ በክረምት ኮላ አይደርቅም፣ ይህ እውነት ነው። ከዚያ በጋ ሆነና ምክንያት ጠፋኝ፤ ቢሆንም «ኮላው አልደረቀም» ማለቴን አልተውኩም፣ ምላሴ ለምዶት ነበርና። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሙሴ የምንለው መሪያችንን ነው፣ አያ ካሴ የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። በየወሩ በሃያ አንድ ስንሰበሰብ ገና ከበሩ ስገባ፣

«እህ አናጢው፣ ኮላህ ደረቀ?» ይላሉ። ማኅበርተኛው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ትሁኔ አትስቅም።

አንድ ቀን ልጂቱ ሱቄ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ እየረገጠች ስትሯሯጥ ትሁኔ አየቻትና እንዲህ አለችኝ፤ «ጥርስ አወጣች፣ ቆመች፣ ሄደች፣ ይኸው ሮጠች። ያንተ ክፈፍ ግን ገና አልተወለደም። እኔ ነኝ ያማጥኩት፣ ስለቱ የእኔም ነው። ለኅዳር ጽዮን ካላደረስከው ከዚህ በኋላ አንድ ነገር አደርጋለሁ ስትለኝ ጆሮዬን አልሰጥህም።»

ጮኻ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

እናንተ አሁን ይህ ሰው ወዲያው ሥራውን ጀመረ ትሉ ይሆናል። የጀመርኩትማ በዋዜማው ነው፤ እንጨቱን ላግሁ፣ አራቱን ማዕዘን በሰያፍ ቆረጥኩ። የኅዳር ጽዮን ዕለት ከቅዳሴ መልስ ሱቄ ገብቼ ኮላውን ብከፍት እንደ አይብ ረግቷል። ማኅበሩ የሚሰበሰበው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሮጥኩ ወደ ዕቃ መሸጫው። ሻጩ ኮላ የለኝም አለና አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ አወጣ።

«ሱፐር ግሉ ናት። ጠብ ታደርጋለህ፣ ታገናኛለህ፣ አሥር ቆጥረህ ትለቃለህ።»

«አሥር ምን?»

«አሥር ነዋ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

አላመንኩትም፤ ግን ወሰድኩ። የመጀመሪያውን ማዕዘን ጠብ አደረግሁ፣ አገናኘሁ፣ አሥር ቆጠርኩ፣ ለቀቅሁ። ያዘ! ብስበው፣ ብጠመዝዘው፣ ወይ ፍንክች። ሁለተኛው ያዘ። ሦስተኛው ያዘ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንጨት ጨምድጄ የቆምኩባቸው ሰዓቶች ሁሉ በዓይኔ መጡብኝና ልናደድም ልስቅም ቃጣኝ።

አራተኛው ላይ ስደርስ ግን ኅሊናዬ ነዘነዘኝ። የሰው ኮርኒስ ስሠራ አርባ አንድ እያደረስኩ፣ ለእመቤቴ ሥራ አሥር ብቻ? ሁለት ዓመት አስጠብቄያት በአሥር ቁጥር ልገላገላት? አይሆንም አልኩ። ለዚህችኛዋ ሙሉውን ላድርስላት። በሌሎቹ የቆጠብኩትን እንድትክስ ብዬ ብልቃጧንም ጨመቅ አደረግኋት። ማዕዘኑን በግራ እጄ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የእግሬን ጣት እያንቀሳቀስኩ፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ...» ጀመርኩ። ልቤ በደስታ ሞላ። ሠላሳ ላይ ስደርስ እንባም ቢጤ መጣኝ።

አርባ አንድ ብዬ ልለቅ አልኩ።

ክፈፉ አልለቅ አለ።

ለካ ከመገጣጠሚያው ተርፎ የወጣው ሙጫ በጣቴ ሥር ተኝቶ እኔ ስጸልይ እሱ ሥራውን ይሠራ ነበር። ሳብ ባደርገው ቆዳዬ ከአጥንቴ ተለይቶ ሊመጣ ሆነ። በዚህ መሐል ትሁኔ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጂቱን አዝላ ከች አለች። የተገጣጠመውን ክፈፍ ስታይ ፊቷ ፈካ።

«እሰይ! በል ልቀቀውና ልይ።»

«አልለቅ አለኝ።»

ጠጋ ብላ አየች። ጣቴን ያዝ አድርጋ ሳበች፤ ጮህኩ። ከዚያ ዱብ ብላ የሥራ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «ሁለት ዓመት አልይዝ ብለህ፣ ዛሬ አልለቅ ትላለህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቴ ገብቼ እደበቅ ነበር። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ዛሬ ከቀረሁ ደግሞ የትሁኔ ጆሮ ለዘለዓለም ይዘጋብኛል። ክፈፉን በጋቢ ሸፍነን ወደ ማኅበሩ ሄድን። አያ ካሴ በር ላይ ነበሩ።

«እህ አናጢው፣ ኮላህ ደረቀ?»

«ደርቋል፣ አያ ካሴ። እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ደርቋል።»

ጋቢው ሲገለጥ ቤቱ እልል አለ። የንስሐ አባቴ አባ ልሳነ ባረኩት። ክፈፉን በፊቱ ጠረጴዛ ላይ ደፋን፣ ሥዕሉን ከኋላ አስገባን፣ እኔ በቀኝ እጄ ትናንሾቹን ሚስማሮች መታሁ። የግራ እጄ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም። ከዚያ አያ ካሴ አነሡትና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እጄም አብሮ ተሰቀለ።

ጸሎት ተጀመረ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ እኔ ከሥዕሉ ግርጌ እጄን ትከሻዬ ድረስ አንሥቼ ቆሜያለሁ። ውዳሴ ማርያም ተደገመ፤ ቆሜያለሁ። እግዚኦታ ደረሰ፤ ቆሜያለሁ። በዚያች ሰዓት የጸለይኩትን ያህል በዕድሜዬ ጸልዬ አላውቅም፤ ልመናዬም አንዲት ብቻ ናት፣ ልቀቂኝ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ አያ ካሴ «ተቀመጥ እንጂ አንተ!» አሉኝ።

«ደኅና ነኝ።»

«ኧረ ተቀመጥ!»

«ተዉት» አሉ አባ ልሳነ። «ከስለቱ መለየት ከብዶት ይሆናል።»

አያ ካሴ፣ ያ ሁሉ ቀልዳቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጽዋው ሲዞር በቀኝ እጄ ተቀበልኩ። ትሁኔ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው የሚያለቅስ መስሎት አይዞሽ ይላታል። መጨረሻ ላይ ግን አዘነችልኝ መሰል፣ ወደ ጓዳ ገብታ በሙቅ ውሃና በሳሙና የራሰ ጨርቅ ይዛ መጣችና ክፈፉን የምትወለውል መስላ የጣቴን ዙሪያ ቀስ እያለች አሸችው፣ ደጋግማ አሸችው። ጥቂት ቆዳ ለመታሰቢያ ትቼ ተላቀቅሁ።

እፎይ ብዬ ልቀመጥ ስል አያ ካሴ ተነሡ። «እኔ አርጅቻለሁ» አሉ። «ሁለት ዓመት በዚህ ሰው ስቀልድ ኖሬ ዛሬ አፈርኩ። ስለቱን አድርሶም እንኳ አልለቅም ያለ ሰው ማኅበራችንን አይለቅም። ሙሴያችን እሱ ይሁን።» ቤቱ በአንድ ድምፅ አሜን አለ።

እኔም የተላጠ ጣቴን ጋቢው ውስጥ ደብቄ ሹመቱን ተቀበልኩ።

በሳምንቱ ግን አላስችል አለኝና አባ ልሳነ ዘንድ ሄጄ ከብልቃጧ እስከ ጨርቁ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አባ ጺማቸውን ይዘው መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ፤ ሲስቁ እንዳላይባቸው መሆኑ ገብቶኛል።

«ሳሙናውን ሳይ ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ቀኖናዬ ምንድን ነው አባ? ሙሴነቱን ልተው? አያ ካሴንስ ምን ልበላቸው?»

«ለአያ ካሴ እውነቱን ትነግራቸዋለህ፤ ይሳቁ፣ መሳቅ ይወዳሉ። ሙሴነቱን ግን አትተውም። በየወሩ የቀረውን ስትፈልግ፣ የተጣላውን ስታስታርቅ፣ ተረኛውን ስታስታውስ ትኖራለህ። ቀኖናህ እሱ ነው።»

ነገርኳቸው። አያ ካሴ ሦስት ቀን ሳቁ፤ ሹመቱን ግን አልመልስም አሉ። አሁን በየወሩ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። እሳቸው ሲገቡ ጣቴን አገላብጠው ያዩና «ዛሬ ባዶ እጅህን ነህ?» ይሉኛል። ትሁኔ አሁን ትስቃለች። አንድ ነገር አደርጋለሁ ስላትም ታዳምጠኛለች፤ «በየትኛው ሙጫ?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ።

ብልቃጧን አልጣልኳትም፤ ለቀጫጭን ሥራ አንደኛ ናት፣ የእጅ ሙያ ያላችሁ እንዳትንቋት። ጠብ አደርጋለሁ፣ አገናኛለሁ፣ ጸሎቴን እጀምራለሁ፣ አሥር ላይ እለቃለሁ። ቀሪዋን ሠላሳ አንዷን ከእንጨቱ ሁለት እርምጃ ርቄ እጨርሳለሁ።