በርበሬያችንን ሊወስድ የመጣው ሰውዬ

በየሰፈሩ አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። ሰላም ሲሉት «ምን ፈልጎ ነው?» የሚል፣ ዝናብ ሲያካፋ እንኳ ሰማዩን በጎሪጥ የሚያይ። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት እትዬ ፈህሚያ ናቸው፤ የሠላሳ ዓመት በርበሬ ነጋዴ። የራሳቸውን ሚዛን በጎረቤት ሚዛን ያጣራሉ። መፈክራቸው አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

እኔም አላመለጥኩም። በልጅነቴ ኩባ ተልኬ፣ እዚያው ተምሬ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ እያለቀሰ ሲስመኝ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው «በነፃ አስተማሩህ? በነፃ?» አሉኝ።

በ1997 ዓ.ም. ራፋኤል የሚባል የፔሩ ሰው የድንች በሽታ ሊያጠና ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለችው ዳባት መጣ። ስፓኒሽ ስለምችል አስተርጓሚው ሆንኩ። ሁለት ክረምት ከገበሬው ጋር ጭቃ ረግጦ፣ በሽታ የሚቋቋም ዘር አስለመደ። ሊሄድ ሲል እኛ ወዳጆቹ ጎንደር ከተማው አዳራሽ ውስጥ የላቲን አሜሪካን ቀን ልናከብርለት ተነሣን። ከዚያ ምድር መጥቶ የእኛ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይቀርባል፤ ድንቹ፣ በቆሎው፣ ቲማቲሙ፣ በርበሬው።

በርበሬውን ልገዛ እትዬ ፈህሚያ ዘንድ ሄድኩ።

«ለምኑ ነው?»

ነገርኳቸው። በርበሬ ጥንት የመጣው ከነራፋኤል አገር መሆኑንም ጨመርኩ።

መስፈሪያውን አስቀመጡ። «እና አሁን ሊወስደው ነው?»

«ኧረ እትዬ! ለምስጋና ነው እንጂ።»

«የኔ ነው ያለ ሰው መውሰዱ አይቀርም።»

ከቀትር በፊት ወሬው ገበያውን አዳረሰ፤ ፈረንጁ የበርበሬን ዘር በስሙ ሊያስመዘግብ ነው! አንዲት ዛላ የሚሸጥልኝ ጠፋ። በዓሉ ደግሞ ነገ ነው። ያን ሁሉ እንግዳ ጠርተን አልጫ ልናበላው ነው።

ቢቸግረኝ ራፋኤልን ራሱን ይዤው መጣሁ። እትዬ ፈህሚያ ከእግር እስከ ራሱ ለኩት። ከዚያ አንድ ዛላ መርጠው ዘረጉለት። «ያገሩ ከሆነ ይብላት።»

አሸተታት። ነከሳት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጠይቀው» አሉኝ፤ «ያስለቀሰው ማቃጠሉ ነው ወይስ ሆዱ?»

ጠየቅሁት። እናቱ መንደራቸው ውስጥ በርበሬ ትሸጣለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ካያት ሁለት ዓመት አለፈው። ቀሚሷ ሁልጊዜ እንዲህ ይሸታል አለ።

እትዬ ፈህሚያ ቁልቁል የገዛ ቀሚሳቸውን አዩ። በኋላ «ኪሎውን ስንት ትሸጠዋለች?» አሉ።

ሲነግራቸው ብድግ አሉ። «ርካሽ ነው! እያታለሏት ነው!»

በማግስቱ ወጡ ቀላ። እትዬ ፈህሚያ አዳራሹ ውስጥ በርበሬያቸው አጠገብ ዘብ ቆመው ዋሉ። ሰዉ ሲበተን ከሻርፓቸው ሥር አፉ በመርፌ የተሰፋ የበርበሬ ከረጢት አወጡ።

«ለእናቱ ነው። በቋንቋዋ ጻፍበት፦ ‹እኅቴ፣ ልጅሽን መርምሬዋለሁ፤ ሸጋ ነው። ይህን ለራስሽ ብይው።›»

ጻፍኩ።

«አንብበው።»

በስፓኒሽ አነበብኩላቸው።

«ድገመው።»

አንዲት ቃል ሳትገባቸው፣ ከራሴ የጨመርኩት ነገር እንዳለ ለመያዝ፣ ዓይናቸውን ከንፈሬ ላይ ተክለው ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጎ ያዳመጠኝ ሰው የለም።